እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

27ኛ ሳምንት፣ እሑድ

ዛሬ ባለቤቴ እግሬን ለካ። መጀመሪያ በክር ሊለካ ነበር፤ ክሩ ጠፋ። ከዚያ በስንዝሩ ሞከረ፤ ስንዝሩና እግሬ እኩል ሆነው ሲያገኛቸው ከመገረሙ የተነሳ ሥራውን ረሳው። በመጨረሻ ከማተሚያ ቤት ባመጣሁት የፕሩፍ ወረቀት ጀርባ ላይ አቆመኝና በሰማያዊ እርሳሴ ዙሪያውን አዞረበት። ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ትንሿ ጣቴ ጋ ሲደርስ ኮረኮረኝ፤ ስቄ እግሬን ስሰበስብ እርሳሱ ሳተ። እናም በወረቀቱ ላይ የግራ እግሬ አንዲት ትንሽ ቀንድ አለችው።

"ይዤው እሄዳለሁ፤" አለ። "መንገድ ላይ አንድ ጫማ ሰፊ አውቃለሁ፣ ቆዳውን እንደ ሊጥ ነው የሚያለሰልሰው። ያንቺ ጫማዎች እንደሆነ አፋቸውን ከፍተው ማልቀስ ጀምረዋል።"

የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ነገ ይወጣል፤ አሥር ሳምንት ይቆያል። እስኪመለስ የእሱን ነጠላ ጫማ እንዳደርግ ፈቅዶልኛል፤ በእኛ ቤት ይህ ንብረት እንደማውረስ ነው። እናቱም ከእኔ ጋር ሊቆዩ ዛሬ በሁለት ሻንጣና በአንድ ቅሬታ መጥተዋል። ቅሬታው ስለ ደረጃው ነው።

እግሬ ማበጥ የጀመረው በቅርቡ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ስለሆነ ሁሉም ነገር አዲስ ነው።

አማቴ ማታ፣ "ለልጁ ሹራብ ልጀምርለት እንዴ?" አሉኝ።

"አለ፣ እማዬ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወራን።


28ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ቁርጭምጭሚቶቼ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀሩ። ጠዋት ነበሩ። ከምሳ በኋላ ባቴና እግሬ ያለ አንዳች ድንበር ተዋህደው አገኘኋቸው። ለኃላፊው ላመለክት አሰብኩ፤ ግን በምትካቸው ማንን ይቀጥርልኛል?

የእኛ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ የደራሲውን ረቂቅ ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ፕሩፉን፣ ማለትም ለሙከራ የታተመውን ወረቀት፣ በጣቱ እየተከተለ ስህተት ያድናል። አንባቢው ቃሉን ብቻ አይደለም የሚያነበው፤ ምልክቱንም ጭምር ነው። "ወንዙ ከተራራው ሲወርድ ነጠላ ሰረዝ ከአካሉ በፊት ድምፁ ይደርሳል አራት ነጥብ።" የእኔ አንባቢ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያነቡ ስለኖሩ ስማቸው ጋሽ አራት ነጥብ ሆኖ ቀርቷል። ከቤታቸውም "እራት ቀረበ ወይ ጥያቄ ምልክት" ይላሉ ይባላል። በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ቢሉ ግን አይገርመኝም።

ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። እሳቸው ዓይናቸው ከረቂቁ፣ እኔ ዓይኔ ከፕሩፉ አይነቀልም። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተን እኔ በደንብ የማውቀው ቀኝ ጆሮአቸውን ነው። እሳቸውም ግራዬን ቢያውቁ ነው።

አሁን የያዝነው ስምንት መቶ ገጽ ስለ ወንዞች የተጻፈ መጽሐፍ ነው። በሠላሳ አምስተኛው ሳምንቴ መጨረሻ ማሽን ላይ መውጣት አለበት። (ኃላፊው በወር ነው የሚቆጥረው። እኔ ሌላ የቀን መቁጠሪያ የለኝም።)

እግሬን የምጭንበት ነገር ስፈልግ ጋሼ ከመጋዘን ሳይሸጥ የቀረ የግጥም መድብል በጥቅል አምጥተው ከጠረጴዛው ሥር ደረደሩልኝ። ግጥም ለሰው ልጅ እንዲህ ፊት ለፊት ሲያገለግል ያየሁት ዛሬ ነው።


28ኛ ሳምንት፣ እሑድ

ባለቤቴ ወረቀቱን ይዞ ስለሄደ የራሴን ለመሳል ሞከርኩ። ሆዴን አልፌ እግሬን መድረስ አልቻልኩም። እዚያ ታች ያሉ ይመስለኛል፤ ይጽፉልኝ ይሆናል። አማቴ እርሳሱን ተቀብለው ተንበርክከው ከበቡልኝ።

"ይኼ እግር ነው ትራስ?" አሉ።

"እንግዳ ነው፣ እማዬ። ሁለት እንግዶች መጥተውብኛል።"

"እንግዳማ ይሄዳል።" በአውራ ጣታቸው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ጫን አደረጉት። ጣታቸውን ሲያነሱ ጉድጓዷ ቀረች። ሁለታችንም እስክትሞላ አየናት። ሻይ ፈልቶ ወረደ፣ እሷ ገና ነበረች። እኔ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁና፣ "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤" ብለው ጨውን ከጠረጴዛው አንስተው ቁምሳጥን ላይ ሰቀሉት።


29ኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ጤና ጣቢያ። ሲስተር ክንዴን አስራ የደም ግፊቴን ለካችኝ፤ 110 በ70። "እንደ ልጃገረድ!" አለች። እግሬን አይታ፣ ይህ ብዙዎችን የሚያገኝ ነው አለችኝ። ብዙ አትቁሚ፤ ብዙም አትቀመጪ። (መሃሉን አልነገረችኝም።) በየሰዓቱ ተነስተሽ ትንሽ ተራመጂ። እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ፣ የሚያጠብቅ ነገር አታድርጊ። ውሃ ጠጪ፤ እብጠት አለ ብለሽ ውሃ እንዳትፈሪ።

ካርዴን ስትገልጥ፣ "አምና እኮ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ስለ ዝናቡ መሰለኝ። አምና ዝናቡ ከባድ ነበር።

የሚቀጥለው ቀጠሮ በሠላሳ አንደኛው ሳምንት ነው። ወደ በሩ ስሄድ ደግሞ ሌላ ነገር አከለች፤ "ግን ፊትሽ ወይም..." እያለች ነበር። ነጠላ ጫማው ተንሸራቶ ከእግሬ ወጥቶ ስለነበር እሱን ስፈልግ አልሰማኋትም። ተመልሼ ልጠይቃት እችል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን አሁንም ያ አረንጓዴ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃ ሁሉ የትኛው እንደሚያስጠላ ብጠየቅ አልቸገርም።


30ኛ ሳምንት፣ እሑድ

አማቴ ከበቡልኝ። ያለፈውን ወረቀት ከሥር፣ የዛሬውን ከላይ አድርጌ አመሳከርኩ። ልዩነቱ የእርሳሱ ውፍረት ያህል ነው። ለባለቤቴ በስልክ ይህንኑ ነገርኩት።

"አላደገም ማለት ነው?"

"እግሬ? ለእርሳስ ያህል።"

"እሷማ ምን አላት። አንቺስ የኔ እመቤት?"

"እኔም ለእርሳስ ያህል።"

መስመሩ እስኪቆረጥ ሳቀ። መኪናው ውስጥ ሲሆን ሳቁ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከተቆረጠም በኋላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ትንሽ አቆየሁት።


31ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ደህና ነው። 110 በ70። እርግቦቹ ዛሬ ብዙ ነበሩ፤ አንዷ እግሬን አይታ ዳቦ መስሏት ቀረበች። አግዳሚው እርጥብ ነበር።

ባለቤቴ ደወለ። ካርዱን አውጥቼ ቁጥሩን አነበብኩለት። ተደሰተ።


31ኛ ሳምንት፣ እሑድ

የእርሳስ ውፍረት።


32ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ቀለበቴን በሳሙና አወጣሁት። አማቴ ክር አስገብተውበት አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። "ጣትሽም እንግዳ መጣበት እንዴ?" አሉኝ። እንግዳ ከመጣ ዘመድ ይዞ ነው አልኳቸው። አልሳቁም።

ዛሬ ያነበብነው ገጽ ስለ ጎርፍ ልኬት ነበር። ጋሼ አነበቡ፦ "የወንዝ ሙላት የሚለካው ከትናንቱ ከፍታ አይደለም ነጠላ ሰረዝ በበጋ ከተቀረጸው የመጀመሪያ ምልክት ነው አራት ነጥብ። ውሃውን ከትናንት ጋር ብቻ የሚያስተያይ የድልድይ ጠባቂ ነጠላ ሰረዝ ድልድዩ እስኪሄድ ድረስ ደህና ነው እያለ ሪፖርት ያደርጋል አራት ነጥብ።"

"ጠባቂ" ሁለት ጊዜ ታትሞ አግኝቼ አንዱን ሰረዝኩት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍን።


32ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ሕልም። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ እስከ ወንበሩ መቀመጫ ድረስ፤ ሞቃት ነው። ማንም አልተደናገጠም። ኃላፊው ሱሪውን ሰብስቦ በሰልፍ የሚንሳፈፉትን ገጾች እየቆጠረ ነው። እኔ እግሮቼ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሁለት ነጫጭ ጀልባዎች ሆነዋል፤ ያለ መቅዘፊያ ይሄዳሉ። ጋሽ አራት ነጥብ ከዳርቻው ቆመው ያነባሉ፤ ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩን አይዘጉትም፤ ነጠላ ሰረዝ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ነጠላ ሰረዝ። ከፊቴ ሌላ አንዲት በጣም ትንሽ ጀልባ ትሄድ ነበር። ባዶ ናት። ልደርስባት ስል በመስኮቱ ወጣች።

ስነቃ ራሴን ያመኝ ነበር። በቀኝ ጎኔ ተኝቼ ነው።


33ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

መጽሐፉ የግርጌ ማስታወሻዎች ጋ ደርሷል፤ ፊደሉ የጉንዳን ልጅ ያክላል። ከመስመሩ ጫፍ ላይ ትናንሽ ብርሃኖች ይነሳሉ። መጀመሪያ የአምፖሉ መሰለኝ። ዓይኔን ስጨፍንም አሉ። ያምራሉ፤ ፀሐይ ላይ እንደተራገፈ የትራስ ብናኝ።

ጋሼ፣ "ሦስት መስመር ዘለልሽ፤" አሉኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። ፊደሉ ነው አልኳቸው። "ፊደሉማ ያው ነው፤" አሉና ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።

ራስ ምታት። ሻይ። ሁለት ኪኒን።


33ኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

አማቴ ከጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ጋር ደረጃው ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኔም እግሬን ሰቅዬ ነበር፤ ሁለቱም የእኔ ጥፋት አይደለም።

"ፊቷ ደህና ሞላላት፤" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ወፍራለች።"

"ውፍረት ነው ትያለሽ?"

"ታዲያ ምንድነው?"

"እኔ እንጃ። እንዳልነግራት ትደነግጣለች። አምናም ዝም ያልኩት እንዳትደነግጥ ብዬ ነበር።"

ተነስቼ በሩን ዘጋሁት። ደረጃው ብርድ ያስገባል።


33ኛ ሳምንት፣ እሑድ

የእርሳስ ውፍረት። ምናልባት የሁለት እርሳስ። የቀረጽነው እርሳስ ደንዝዞ ነው።


34ኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ጫማው መጣ! የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ በዚህ ሲያልፍ ከበሩ አቀበለን። ቡናማ፣ እንደ ጆሮ ለምለም፤ ክሩ እንኳ አይታይም። ሣጥኑ ውስጥ ያ የመጀመሪያው ወረቀት ከነቀንዱ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባለቤቴ ጥጉ ላይ፣ "በልክሽ ነው። ራሴ ቆሜ አሠራሁት፤" ብሎ ጽፏል።

ጣቶቼ ገቡ። ሌላው ሰውነቴ ውጭ ቀረ። እኔ ወንበሩን ይዤ፣ አማቴ ጫማውን ይዘው፣ እንደ በርሜል ክዳን ስንታገል ሳቅ ጀመረን፤ እንባችን እስኪወርድ ድረስ ሳቅን። መጀመሪያ ሳቃቸውን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ጫማውን ሣጥኑ ውስጥ በቀስታ መለሱትና ጨውን ካስቀመጡበት ጎን ሰቀሉት።

ነገ ለጋሼ አሳያቸዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ቀልድ ብቻውን አይበላም።


ቅዳሜ

ሆስፒታል። በግራ ጎኔ። ክንዴ ውስጥ የሚገባው መድኃኒት ሙቅ ነው፤ እስከ ምላሴ ደረሰ። ክፍሉ ይዋኛል። መብራቱን አደብዝዘውልኛል። ሐኪሙ የደም ግፊቴ እስኪረጋ ጠብቀው ልጄን ነገ እንደሚያወጧት ነገሩኝ። "ትኖራለች ወይ?" አልኩ። "ትንሽ ናት፣ ግን ልቧ ይሮጣል፤" አሉ። ልቧን አሰሙኝ። ይሮጣል። እግሬ አውጪኝ እያለ ይሮጣል።

መጻፍ አልችልም። ባለቤቴ


ማክሰኞ

አለች። እኔም አለሁ። እሑድ ጠዋት ወጣች፤ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ማሞቂያው የብርጭቆ ሣጥን ውስጥ ናት። ከአልጋዬ እስከ እሷ ሃያ ሦስት እርምጃ ነው፤ እስካሁን አልተራመድኩትም፤ አማቴ ናቸው የቆጠሩልኝ።

እጄ አሁን ይታዘዘኛል፤ ስለዚህ ዓርብ የሆነውን ልጻፍ።

ዓርብ ጠዋት ጫማውንና የእሑድ ወረቀቶቼን በከረጢት ይዤ ሥራ ገባሁ። ቁጭ እንዳልኩ፣ "ጋሼ፣ ይኼን ይዩልኝ፤" አልኳቸው። "ጫማ ሰፊው የሌላ ሰው እግር ነው የሰፋው።"

አገላብጠው አዩት። "ጥሩ ሥራ ነው። ልኩን ማን ሰጠው?"

"ባለቤቴ። ወረቀቱ ይኸው።"

"መቼ የተሳለ ነው?"

"በሃያ ሰባተኛው።"

"አሁንስ?"

"ሠላሳ አራት።"

"ከዚያ ወዲህ አልተለካሽም?"

"በየእሑዱ እንጂ! ይኸው ሁሉም። ቢጨምር ቢጨምር የእርሳስ ውፍረት ነው።"

"ከምን ጋር አመሳክረሽ?"

"ካለፈው እሑድ ጋር።"

ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እኔም ከአፌ የወጣውን መልስ ሰማሁት። በእኛ ሙያ ፕሩፍን ከፕሩፍ ጋር የሚያመሳክር ጀማሪ እንኳ የለም። ሁለተኛውን ፕሩፍ ከመጀመሪያው ጋር ካስተያየኸው የመጀመሪያው ስህተት ሁሉ እንደ ትክክል ያልፋል። የሚመለሱት ሁልጊዜ ወደ ረቂቁ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ወንበር እንኳ ሳይሰጡኝ።

ተነሱ። የባለቤቴን ወረቀትና የመጨረሻውን እሑድ ወረቀት ደርበው መስኮቱ ላይ ለጠፏቸው። ብርሃኑ አልፎ መጣ። የመጀመሪያዋ እግር በሁለተኛዋ ውስጥ ገብታ ደሴት መሰለች፤ ዙሪያዋን ሁሉ ነጭ። ያቺ ትንሽ ቀንድ እንኳ ሰምጣለች።

ጋሽ አራት ነጥብ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ አድርገውት አያውቁም። ዞረው ፊቴን አዩኝ።

"ፊትሽ እንዲህ ነበር እንዴ?"

"እንጃ ጋሼ፣ የፊቴን ረቂቅ አልያዝኩም።"

አልሳቁም። "ራስሽንስ ያምሻል?"

"ትንሽ።"

"ዓይንሽንስ?"

ስለ ብርሃኖቹ ነገርኳቸው። እንደሚያምሩም ጨመርኩ።

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፤" አሉ። "ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት የአዋላጆች መማሪያ አትመን ነበር። ሁለት ጊዜ ዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር የማስታውሰው የለም።" ከዚያ በሥራ ድምፃቸው አነበቡት፤ ወረቀት ግን አልያዙም። "ነፍሰ ጡር ፊቷ ወይም እጇ ካበጠ ነጠላ ሰረዝ ራሷን አጥብቆ ካመማት ነጠላ ሰረዝ ዓይኗ ላይ ብልጭታ ካየች ነጠላ ሰረዝ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትሂድ አራት ነጥብ። 'በዚያው ቀን' የምትለዋን እኔ ነኝ የዘለልኳት። ስምንት መቶ መጽሐፍ ታትሞ ካለቀ በኋላ ታወቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ስምንት መቶ ቁራጭ ወረቀት አንድ በአንድ በእጄ ለጥፌያለሁ።"

"ሰኞ እሄዳለሁ፣ ጋሼ። አርባ ገጽ እኮ ነው የቀረን።"

"በዚያው ቀን አልኩሽ። ዳግመኛ ሙጫ አታስይዢኝ፣ ልጄ።"

ኮፍያቸውን አደረጉ። በመሥሪያ ቤት ሰዓት ኮፍያ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም፤ የኃላፊውም አፍ ተከፍቶ ቀረ። "መጽሐፉስ?" አለ። "ወንዝ ነው፤ ይደርሳል፤" አሉት።

በባለቤቴ ነጠላ ጫማ፣ በእሳቸው ክንድ፣ እንደ ሁለት ሽማግሌ መንገዱን ተሻገርን። ሲስተር ክንዴን አሰረች። አንድ ጊዜ ነፋች፣ ፈታች፣ እንደገና ነፋች። 170 በ112። ሽንቴን መረመረች። ከዚያ ካርዴን አነሳች፤ በሠላሳ አንደኛው ሳምንት መስመር ላይ ምንም አልተጻፈም።

"እዚህ ጋ የት ነበርሽ?"

የዘለልኩት መስመር ነው። እንዲህ ልላት ነበር፤ ቀልዱ አፌ ላይ ነበር። ጋሼ ቆመው እያዩኝ ነው፤ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስቅ ነገር አጣሁ። አረንጓዴው መጋረጃ ከኋላዋ ይወዛወዝ ነበር። "ፈራሁ፤" አልኳት።

"አውቃለሁ፤" አለች፤ ስልኩን እያነሳች። "አምናም እኔ ነበርኩ።"

ሌላው የአምቡላንስ ሳይረን ነው።


ሐሙስ

ሃያ ሦስት እርምጃ። ትክክል ናቸው።

እጄን በቀዳዳው አስገባሁ። ትንሿን ጣቴን ያዘች። ለቀቀችና መልሳ ያዘች፤ እንደ መርማሪ።


እሑድ፣ አንድ ሳምንት ሲሆናት

ውሃው እየሄደ ነው። ሌሊቱን በየሰዓቱ ለሽንት እነሳለሁ፤ ጠዋት ቁርጭምጭሚቶቼ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ያለ ይቅርታ ወደ ሥራቸው ተመልሰው አገኘኋቸው። ሐኪሙ የደም ግፊትሽን ለተወሰኑ ሳምንታት መከታተል አለብን አሉ። ቀጠሮውን አማቴ ይዘውታል። ካርዱንም እሳቸው ይዘዋል። ተቃውሞ አላቀረብኩም።

አማቴ ዛሬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ብርቱካን እየላጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ "መናገር ነበረብኝ፤" አሉ።

"እኔም ነበረብኝ፣ እማዬ።"

ብርቱካኑን ለሁለት ከፈሉት።


እሑድ፣ ሁለት ሳምንት ሲሆናት

ባለቤቴ መጣ። መኪናውን በሁለት ሌሊት እንቅልፍ ብቻ እንዴት እንደነዳው አልጠየቅኩትም። ልጁን ለረጅም ጊዜ በመስታወቱ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር፣ "ጫማው ልክ ሆነ ወይ?" የሚል ነበር። አልቅሶ ስለነበር ይቅር አልኩት። ጫማውን አድርጌ አሳየሁት። ትንሽ ሰፍቶኛል። ነጠላ ጫማውን እንድመልስለት ጠየቀ፤ ተለጥጦ ተለጥጦ ለማንም እግር እንዳይሆን ሆኗል።

ከዚያ እጁን ይዤ የሠላሳ አንደኛውን ሳምንት ነገርኩት። ያነበብኩለት ቁጥር ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት የተለካው እንደነበር። "ደስ ብሎኝ ለሁሉም ሹፌር አውርቼ ነበር፤" አለ። እጁን ግን አልወሰደም።

ጋሽ አራት ነጥብም ከሰዓት በኋላ መጡ። መጽሐፉ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ማሽን ላይ ወጥቷል፤ ዓለም ባለችበት ናት። ከደረት ኪሳቸው አንዲት ቢጫ ቁራጭ ወረቀት አወጡ፤ የጣት ጥፍር ታክላለች፤ "በዚያው ቀን" ይላል። "ቁራጯን ስምንት መቶ አንድ ነበር ያሳተምነው፤" አሉ። "ይህችኛዋ ቦታዋን ሳታገኝ ሠላሳ ዓመት ኪሴ ውስጥ ኖራለች።"

ደብተሬ ላይ እለጥፋታለሁ። ወደ ኋላ ስገልጥ ግን ቦታ የሚፈልገው እሷ ብቻ እንዳልሆነች አየሁ። ስለዚህ፦

እርማት

በ29ኛው ሳምንት ሐሙስ፣ "ስለ ዝናቡ መሰለኝ" የሚለው፣ "ስለ ዝናቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ" ተብሎ ይነበብ።

በ31ኛው ሳምንት ረቡዕ፣ "ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ" የሚለው፣ "መናፈሻ ውስጥ እርግብ ሳይ ዋልኩ" ተብሎ ይነበብ። በዚያው ቀን "110 በ70" የሚለው የ29ኛው ሳምንት ነው።

በ32ኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ ባዶ ነበረች የተባለችው ትንሽ ጀልባ ባዶ አልነበረችም።

በ27ኛው ሳምንት እሑድ፣ "የመጀመሪያ እርግዝናዬ" የሚለው፣ "ሁለተኛዬ" ተብሎ ይነበብ።

በዚያው ቀን፣ ስለ ሹራቡ "አለ፣ እማዬ" የሚለው፣ "ለወንድሟ የሠራሁት አለ" ተብሎ ይነበብ። ዛሬ ከብርጭቆው ሲያወጧት አለበስኳት። እጅጌው ከእጇ አልፎ ይንጠለጠላል። ሰፍቷታል፤ ታድግበታለች።